የገሞራ ማጅራት

ደራሲው ከደረጃው ሥር በጀርባው ተዘርሯል። አንገቱ ላይ የጣቶች ሰንበር አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ጠዋት እዚያ ቤት ውስጥ ያልፈራ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

መርማሪዋ ፎቅ ወጥታ የሥራ ክፍሉን አየች። ጠረጴዛው ላይ ገሞራ የሚባለው ባለቀንድ ጭራቅ ቆሟል፤ ሟቹ የልጆች መጽሐፍ ሲጽፍለት የነበረው አሻንጉሊት ነው። አዞረችው። ማጅራቱ ላይ ሌላ ዓይን አፍጥጦባታል፤ ከዓይኑ ሥር እንባ ቢጤ ወርዷል። ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

ሳሎን ውስጥ የሟቹ ትንሽ ልጅ የአጎቷን እጅ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። እናት የላትም፤ ዛሬ ወደ ቤቱ የሚወስዳት እሱ ነው።

«አባትሽን ማን ነካው፣ እናቴ?»

«ገሞራ» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።

«ደንግጣ ነው፤ አይፍረዱባት» አለ አጎቷ። የመጽሐፉ ሠዓሊ እሱ ነው። «እኔ እንኳ እዚህ ቤት ከመጣሁ ቆይቻለሁ። ፎቶ እያየሁ ከቤቴ ነው የምሠራው።»

አሻንጉሊት ሠሪው ላብ በላብ ሆኗል። «ናሙናውን ትናንት ከሰዓት በታሸገ ሣጥን ለሟቹ ሰጥቼ ሄድኩ። ገና አንድ ብቻ ነው የሠራሁት። ለሠዓሊው የላክሁት ፎቶም የፊቱ ብቻ ነው።»

አርታኢዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋለች። «ሠዓሊው የመጨረሻውን ሥዕል ዛሬ ጠዋት ልኮልኛል። ለሟቹ ላሳየው ስመጣ ይኸው ይሄ ጠበቀኝ።»

«እስቲ ልየው።»

መርማሪዋ ሥዕሉን ትክ ብላ አየችው። ሁሉም እንዲቀመጡ አደረገችና ልጅቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። ሥዕሉ ላይ ገሞራ ጀርባውን ሰጥቶ ተራራ ይወጣል፤ የማጅራቱ ዓይን ያለቅሳል።

«ፎቶው ማጅራቱን አያሳይም። ታዲያ ይህን ዓይን የት አዩት?»

«ወንድሜ ማታ በስልክ ነግሮኝ ነው» አለ ሠዓሊው።

«እንባውንስ?» መርማሪዋ ወደ አሻንጉሊት ሠሪው ዞረች። «ገሞራ ያለቅሳል እንዴ?»

«ኧረ የምን እንባ! ቀለም አምልጦኝ ፈሶ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ አፍሬ።»

«የፍሳሹን ቅርጽ ሳይቀር እንዲህ አስመስሎ እንባ አድርጎ የሚስለው በዓይኑ ያየው ሰው ብቻ ነው፤ ይህ በስልክ አይነገርም። ትናንት ማታ እዚህ ነበሩ። ባይነኩት ኖሮ ለምን ይዋሹኛል?»

ሠዓሊው ሥዕሉን አየ። «ሥዕልህ ልጆችን ያስፈራል፣ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አለኝ። ደሜ ፈላ፤ አንገቱን አነቅኩት። ደረጃው ከኋላው እንዳለ ረሳሁት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። መርማሪዋ ከልጅቷ አጠገብ ቁጭ አለች።

«አይዞሽ፤ ከእንግዲህ አትፍሪ።»

«እኔ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ የአጎቴን ድምፅ ሰምቼ ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ገሞራ ነው አልሽኝ?»

«አጎቴን ከወሰዳችሁት ማን ጋ እሄዳለሁ?»