አምስተኛው ተዋናይ

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ብዙ አገር የዞርኩ፣ በየአሮጌው ቲያትር ቤት ብቻዬን ያመሸሁ አሮጊት ነኝ፤ በቀላሉ አልደነግጥም። የማታምኑኝ ብትኖሩም አልቀየማችሁም።

ጊዜው ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቦታው የዩኒቨርሲቲያችን የልምምድ አዳራሽ ነበር። ፀሐይ በመስኮቶቹ ሙሉ ትገባለች።

የማጠናው የአራት መቶ ዓመት ተውኔት ነው። በዚያ ዘመን ለተዋናይ የሚሰጠው የራሱ ንግግርና ከእሱ በፊት ያለው ሰው የሚጨርስበት ቃል ብቻ ነበር። የአምስተኛው ተዋናይ ድርሻ ጠፍቷል። ተራው ሲደርስ ሌሎቹ ዝም ብለው ይጠብቁታል።

አራቱ ተማሪዎቼ እንቅስቃሴ የሚለካ ማሰሪያ በእጅ በእግራቸው አስረዋል። ቴክኒሻኑ የሚከታተለው ኮምፒውተር ሰውነታቸውን ስክሪን ላይ በነጭ መስመር ይስላል። የአምስተኛው ማሰሪያ እንደታሸገ ከነሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ዲኑ በማግስቱ አዳራሹን ሊዘጋብኝ ነው። የዕድሜ ልክ ጥናቴ በዚያ ልምምድ ቀረጻ ላይ ተንጠልጥሏል።

አምስተኛው የሚጠበቅበት ዝምታ ደረሰ...

"እማማ..." አለ ቴክኒሻኑ በሹክሹክታ። "ስንት ሰው ነው ያስገቡት?"

"አራት። መቁጠር ተሳነህ?"

"ስክሪኑ ላይ አምስት ናቸው።"

አየሁ። አንዱ ከመድረኩ ጥግ ቆሟል። መድረኩ ላይ ግን ጥጉ ባዶ ነው።

"የማሽን ስህተት ነው።"

"ማሽን ይተነፍሳል እንዴ?"

ደረቱ ከፍ... ዝቅ... ይል ነበር።

"ላጥፋው፣ እማማ።"

"ነክተኸው እንዳላይ።"

ተማሪዎቹን አስወጣሁና ራሴ መድረኩ ላይ ወጣሁ።

"ወደ እርስዎ እየመጣ ነው... ይውረዱ።"

"አልወርድም።"

"ፊት ለፊትዎ ቆመ..."

"አንተ፣" አልኩት ባዶውን አየር፣ "ስፈልግህ ነው ያረጀሁት። ለማስፈራራት ከሆነ የመጣኸው፣ ሰው ተሳስተሃል።"

ከዚያም እሱ የሚጠብቀውን ቃል ጮክ ብዬ ሰጠሁት።

ቴክኒሻኑ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ...

"እጅ ነሳዎት፣" አለ። "አሁን... የለም።"

በማግስቱ ዲኑ ቁልፉን ይዞ መጣ። ቀረጻውን አሳየሁት። ላብ አጠመቀው።

"ይደምስሱት።"

"አልደመስስም። አዳራሹንም ከፈለግህ ቆልፈው። እሱን አስወጥቶ መቆለፍ ግን የአንተ ፈንታ ነው።"

ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተና ሄደ።

እኔም ዕቃ ለመሰብሰብ የአምስተኛውን ሳጥን ከፈትኩ። እሽጉን የቀደድኩት እኔ ነኝ።

ማሰሪያዎቹ ሁሉ በሰው እጅና እግር ልክ ክብ ሆነው ተቆልፈዋል...

ውስጣቸው ሞቅ ያለ ላብ ነበር።