የጎመኑ ሕመም

በሕንፃው እርሻ የአሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ጎመን ዛሬም አልቆረጥም አለ። የአጫጁ ማሽን ክንድ በተዘረጋ ቁጥር ሕመም ለኪው ሠላሳ አራት ያነባል። ሕመም ለኪ ማለት ቅጠል ቆንጥጦ የሚይዝ፣ የተክሉን ሥቃይ በቁጥር የሚናገር ሽቦ ነው። ሕጉ ከሠላሳ በላይ የታመመ ተክል አይቆረጥም ስለሚል ማሽኑ ወዲያው ይቆለፋል።

ጠጋኟ ዘርፌ ሦስት ቀን ሙሉ ሽቦውን ስትፈታና ስትገጥም አንጀቷ አርሯል። ነገ ደሴ ላይ የወንድሟ አርባ ነው። ቀብሩ እንኳ በዚሁ ሥራ አምልጧታል። ኃላፊዋ አቶ ማንደፍሮ ግን ጎመኑ ሳይወርድ ፈቃድ የለም ብለዋል፤ ሰኞ ጾም ይገባል፣ ከተማው በሙሉ ጎመን ጠባቂ ነው።

«ተበላሽቷል ብለሽ ፈርሚና እንገላገል!» አሉ ማንደፍሮ። «ሰው ነፍስ ያለው አልበላም ብሎ ወደ ጎመን ሲመጣ፣ ጎመንም ያመዋል እንበለው?»

«ካልተበላሸስ ጋሼ?»

«እስቲ አሳይኛ!»

ዘርፌ ሽቦውን ድንጋይ ላይ ለጠፈችው፤ ዜሮ። ደረቅ ገለባ ላይም ዜሮ። ይህ ግን ምንም አያስረዳም። መታመሙን በእርግጠኝነት የምታውቀው ነገር ያስፈልጋታል። ከራሷ ሌላ ማንን ታውቃለች? ከሰው ቆዳ ቢበዛ አምስት ያነባል ብላ እጇ ላይ ለጠፈችው።

ስልሳ ስምንት።

ቀይ መብራት በራ፤ የፎቁ ማሽኖች ሁሉ ተቆለፉ። ከጣሪያው ለስላሳ ድምፅ ተሰማ፦ «ታማሚ ተክል ተገኝቷል። ውኃ ስጡት፤ ሁለት ቀን አትንኩት።»

ዘርፌ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ዕንባዋ። ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ አላለቀሰችም፤ ጊዜ ማን ሰጥቷት! ሽቦው አልዋሸም። እንግዲያው ስለ ጎመኑም አልዋሸም ማለት ነው።

«ንቀይው እንጂ!» ብለው ጮኹ ማንደፍሮ። «ለተክል እንጂ ለሰው አልተሠራም!»

«አውቃለሁ ጋሼ። የሰውን ማን ይሠራዋል?»

ነቅላ ጎመኑ ላይ መለሰችው። ሠላሳ አራት አለ። መዝገቡ ላይ «መሣሪያው ደህና ነው» ብላ ፈረመችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ አሳንሰሩ ሄደች።

«የት ነው? ፈቃድ ማን ሰጠሽ?»

«ሁለት ቀን አትንኩት ሲል አልሰሙም?» አለች ዘርፌ።