ስሙ የተፋቀው ውሃ አመላላሽ

ድሬዳዋ በቀትር ትተኛለች። ከዚራ ሰፈር ያሉት ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ ውሻው እንኳ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፤ ጡረተኛው የታሪክ መምህር ደምሰው ግን የሚወደው ይህንኑ ሰዓት ነበር። የሳሎኑን መስኮቶች ለሙቀቱ ብሎ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋና በጨለማው መሐል ትንሿን የጠረጴዛ መብራት አብርቶ ሜዳዮቹን በከፋይ ጨርቅ ላይ ይደረድራል። ሌላው ሰብሳቢ የመኮንን ሜዳይ ሲያሳድድ፣ እሱ የሚፈልገው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የዘመቱትን ህንዳውያን አገልጋዮች ነበር፤ በቅሎ ነጂውን፣ ቃሬዛ ተሸካሚውን፣ ወጥ ቤቱን። የያንዳንዳቸው ስምና ሥራ በሜዳዩ ጠርዝ ላይ ተቀርጿል። «እኔ ባልፈልጋቸው ማን ያስታውሳቸው ነበር?» ይላል፤ ኩራቱ ትንሽ በዛ ያለ ነበር።

ከጎን ባለው ክፍል ሚስቱ አስካለ ትኩሳት ጥሏት ተኝታለች። ሐኪሙ ውሃ ከአጠገቧ እንዳይጠፋ አጥብቆ አስጠንቅቋል። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካኖቹ ከጓዳ ተደርድረዋል፤ ከዚያ ቀድቶ መስጠት ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም።

«ደምሴ፣ ውሃ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል፣ ዓይኑን ከአጉሊ መነጽሩ ሳያነሳ። ከዚያ ይረሳታል።

«ከሞቱት ሰዎችህ አንዷ ብሆን ኖሮ ትሰማኝ ነበር» አለችው አንድ ቀን። እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በዚያው ሰሞን ከአንድ አገር ለቆ ከሄደ ህንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ ቤት አንዲት የጠቆረች የነሐስ ሜዳይ እጁ ገባች። ጠርዟ ላይ ሥራው በመጠኑ ይነበባል፤ ስሙን ግን እድፍ ሞልቶታል። ሜዳይ እንደማይፈተግ ማንም ሰብሳቢ ያውቃል፤ ደምሰውም ለስንቱ ሲመክር ኖሯል። የዚያን ዕለት ግን ትዕግሥት አጣ። ሎሚና አመድ አምጥቶ ፈተጋት። ሲጠርጋት «ውሃ አመላላሽ» የሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ በቆዳ ከረጢት ለወታደሩ ውሃ የሚያዞር ማለት ነው፤ ድሮውንም የሳሳው ስም ግን ከእድፉ ጋር ሄዷል። አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደ፤ እንደ ጥፍር ልሙጥ ነው። አፈረ። ማንም ሳያይ መሳቢያ ውስጥ ከተታትና ቆለፈ።

«ደምሴ፣ ውሃ!»

«መጣሁ።»

ትዝ ብሎት ሲሄድ ብርጭቆዋ ሞልቷል፤ አስካለ ከንፈሯ ርሶ እንቅልፍ ወስዷታል። ጎረቤት ገብታ ይሆናል ብሎ ተመለሰ።

በማግስቱ ኮሪደሩ እርጥብ ቆዳ፣ እርጥብ ቆዳ ሸተተው፤ ዝናብ ያገኘው የፍየል ሌጦ ዓይነት ሽታ። የቧንቧ ፈረቃ አልደረሰም፣ ጀሪካኖቹም እንደተከደኑ ናቸው፤ ሆኖም አንድ ቦታ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ይሰማል፤ ድምፁን ተከትሎ ሲሄድ ከሲሚንቶው ወለል ላይ ከሳሎኑ መሳቢያ ተነስቶ እስከ መኝታ ክፍሉ በር የሚደርስ የጠብታ መስመር አገኘ፣ በዚያ ሙቀት እንኳ አልደረቀም። የውጪውን በር ፈተሸ። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«አስኩ፣ ሰው ገብቶ ነበር?»

«ውሃ የሚያመጣው ሰውዬ ነዋ። እንዴት ያለ ቀዝቃዛ ውሃ መሰለህ!» ፊቷ ወዝ ይዟል፣ ትኩሳቱ ለቋታል። «አንዴ ስጠራ ከች ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ራሴን ደግፎ ያጠጣኛል። አንተ እንዲያ አድርገህ ታውቃለህ?»

«የምን ሰውዬ? ማን ይባላል?»

«ስሙን ብጠይቀው ፋቁብኝ አለኝ። አሳዘነኝ።» ፈገግ አለች። «የደምሴን ውሰድ አልኩት። እሱ እንደሆን ስጠራው አይሰማበትም።»

ደምሰው ወደ ሳሎን ሄደ፣ መሳቢያውን ከፈተ፣ ሜዳዩን መብራቱ ሥር ያዛት። ጠርዙ ልሙጥ አልነበረም። ትላንት የተቀረጸ የማይመስል፣ ጎድጓዳው ሁሉ የቆየ እድፍ የሞላው፣ የገዛ ራሱ ስም እስከ አባቱ ተጽፎበታል።

«ደምሴ፣ ውሃ!»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጥሪ ተነሳ። «አቤት!» ሊል አፉን ከፈተ፤ «አቤት» የሚለው ግን ከመኝታ ክፍሉ መጣ፣ በራሱ ድምፅ። ሮጠ። ሲሮጥ ትከሻውን አንዳች ነገር ይጎትተዋል፤ ቀዝቃዛ ጠፍር ነው፣ ከጠፍሩ ሥር እስከ አፉ የተሞላ የቆዳ ከረጢት ጎኑን እየመታ እግሩ ላይ ይንጠባጠባል። ሊጥለው ታገለ፣ አልወርድ አለው።

በሩ ላይ ደረሰ። አስካለ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ የእሱን መነጽር ያደረገ፣ የእሱን ሸሚዝ የለበሰ ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ሆኖ እጇን ይዟል። እኔ ነኝ ሊላት ቢሞክር ከጉሮሮው የወጣው የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። እሷም ለሠራተኛ እንደሚደረገው በደግ ዓይን አየችውና ብርጭቆዋን ዘረጋችለት።

«ደምሴ» አለች ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ «ውሃ የሚያመጣው ሰውዬ መጣ።»