ጌራልድ የጠፋበት ቀን

ዴሚ በእናቷ ጆሮ ላይ ያለችውን ነጭ የቀለም ጠብታ ያየችው፣ ከአከራዩ ድርጅት የመጣው ተቆጣጣሪ ጫማውን በር ላይ ሲጠርግ ነበር። አንዲት ጠብታ ናት፣ ከጉትቻ አትበልጥም። ግን እናቷ ኬሪ በሕይወቷ ከጥፍሯ በቀር ቀብታ የምታውቀው ነገር የለም።

«ማሚ፣» አለች ዴሚ በሹክሹክታ፣ «ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም።» ኬሪ ለሰውየው ፈገግ አለች። «ይግቡ፣ ሚስተር ፖድሞር። ቤቱ ትንሽ ተዝረክርኳል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቤቱ ምኑም አልተዝረከረከም። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። የውሃ ማፍያው እንኳ ፊት ያሳያል። ዴሚ ይህን ቀድማ ማሰብ ነበረባት። እነሱ ሰፈር የቧንቧ ሠራተኛ ሲጠራ፣ እናቶች መጀመሪያ ቧንቧውን አሳምረው ይወለውላሉ። ሰው መጥቶ ቆሻሻ ከሚያይባቸው ውሃው ቢያጥለቀልቃቸው ይመርጣሉ።

ለአከራዩ ድርጅት የደወለችው ራሷ ዴሚ ነበረች። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ «ኬሪ ኮልክላፍ ነኝ፣ የልጆቼ መኝታ ክፍል ሻግቷል» አለች። መምህራቸው ክፍል ውስጥ ስለ አዲሱ ሕግ ነግሯቸው ነበር። ተከራይ ስለ ሻጋታ ካመለከተ አከራዩ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ መጥቶ ማየት፣ ያየውን ጽፎ መስጠትና አደጋ ካለው ቶሎ መጠገን አለበት። ዴሚ ያን ዕለት ከትምህርቱ ሌላ ምንም አልሰማችም። አብሯት የሚተኛው የአምስት ዓመት ወንድሟ ጄንሰን ሲያስል አልጋው ይንቀጠቀጣል።

ኬሪ ግን መደወል አትወድም። አምና ስትደውል አንዱ ሰው መጥቶ፣ «ሻጋታው ከእናንተው እንፋሎት ነው፣ ድስት ክደኑ፣ መስኮት ክፈቱ» ብሏት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ መስኮት ከፍተው፣ ካፖርት ለብሰው፣ በክዳን የተቀቀለ ድንች ሲበሉ ኖሩ። ሻጋታው አልሰማም። ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ዛሬ ጠዋት በስልኳ መልእክት ሲደርሳት ደግሞ ኬሪ ከወንበሯ ተነስታ፣ «ቆሻሻ ናት ብለው ይጽፋሉ፣ ከዚያ ልጆቼን ይወስዳሉ፣ ከዚያ ቤቱን» እያለች ሦስት ጊዜ ተንጎራደደች። ዴሚ ያንን እያየች ነበር ላሽ ብላ ትምህርት ቤት የሄደችው።

የመኝታ ክፍሉ በር ተከፈተ። ግድግዳው ነጭ ነው። እንደ ወተት ነጭ።

«ደህና ግድግዳ ነው፣» አለ ሚስተር ፖድሞር ዙሪያውን እያየ። «ሻጋታ ያላችሁት የቱ ጋ ነው?»

«እሱማ ትንሽ ነበር፣» አለች ኬሪ። «ጠረግሁት። ያን ያህል የሚወራለትም አልነበረም።»

ሰውየው በያዘው ታብሌት ላይ መጻፍ ጀመረ። ሲጽፍ ከንፈሩ ስለሚንቀሳቀስ ዴሚ አነበበችው። «የሚታይ ሻጋታ የለም።» ይህ ከተላከ ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው። ጄንሰንም እዚያው ይተኛል።

እናቷን አየቻት። ኬሪ ዓይኖቿን አፍጥጣ «ወየውልሽ» አለቻት፣ ያለ ድምፅ።

በዚህ መሐል ጄንሰን ብስኩቱን እየቆረጠመ ገባ። ግድግዳውን አይቶ ቆመ። «ጌራልድ የት ሄደ?»

«ጌራልድ ማነው?» አለ ሚስተር ፖድሞር።

«ማንም አይደለም፣» አለች ኬሪ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«ከኔ አልጋና ከቁም ሳጥኑ ኋላ ነው የሚኖረው፣» አለ ጄንሰን። «በጣም ትልቅ ነው። ክረምት ሲሆን ይወፍራል።»

ሚስተር ፖድሞር ታብሌቱን ወደ ላይ ወደ ታች አገላበጠ። «የኪራይ ውሉ ላይ ያለው እናትና ሁለት ልጆች ነው። ጌራልድ የሚባል ሰው አላየሁም።»

«ሰው አይደለም፣» አለች ኬሪ። «ውሻ ነው።» ወዲያው ውሉ ውሻ እንደሚከለክል ትዝ አላት። «ማለቴ፣ ነበር። ሞቷል።»

ጄንሰን ብስኩቱን ጣለ። «ጌራልድ ሞተ?»

ማልቀስ ጀመረ፣ ልቅሶው ሳል ሆነ፣ ሳሉም አልቆም አለ። ታጥፎ ጉልበቱን ያዘ። ዴሚ የአስም መድኃኒቱን ከመሳቢያ አውጥታ አፉ ላይ ያዘችለት፤ ትከሻው በእጇ ሥር እንደ ወፍ ይርገበገባል። እናቷን ማየት አልፈለገችም። ካየቻት ዝም እንደምትል ታውቃለች።

«ጌራልድ ሻጋታው ነው፣» አለች ወደ ሚስተር ፖድሞር ዞራ። «ዝሆን ስለሚመስል ጄንሰን ስም አወጣለት። ጠዋት እዚህ ነበር። ማሚ ቀለም ቀብታበት ነው። የደወልኩትም እኔ ነኝ፣ የሷን ድምፅ አስመስዬ።»

ሚስተር ፖድሞር ግድግዳውን በጣቱ ነካ። ጣቱ ነጭ ሆነ። የእርጥበት መለኪያውን ሲያስጠጋው እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ።

«ይህ ለብቻው አይበቃኝም፣» አለ። «ቀለሙ ራሱ እርጥብ ነው። ቁም ሳጥኑን እናንሳው።»

«ከባድ ነው፣» አለች ኬሪ ቶሎ ብላ። «ወገብዎን ያመዎታል።»

ዴሚና ሚስተር ፖድሞር ገፉት። ኬሪ ቀለም የቀባችው ቁም ሳጥኑ እስከሚጀምርበት ድረስ ብቻ ነበር። ከኋላው ግማሹ ጌራልድ ቆሟል፤ ሁለት ጆሮ፣ አንድ ኩምቢ፣ ጥቁርና ፀጉራም።

«ጌራልድ!» አለ ጄንሰን እንባው ሳይደርቅ፣ እጁንም አውለበለበለት።

ሚስተር ፖድሞር መለኪያውን እዚያ፣ አዲሱ ቀለም ባልነካው ግድግዳ ላይ አደረገ። ያው ጩኸት። ከዚያ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን ወደ ዝናቡ አወጣና ፀጉሩ ርሶ ተመለሰ። «አሸንዳው ተሰብሯል። ውሃው የሚወርደው በግድግዳው ላይ ነው። እህቴ፣ ይህ ከእንፋሎት አይደለም።»

«ድስቱን እኮ ሁልጊዜ እከድናለሁ፣» አለች ኬሪ።

«ባይከድኑትም።»

ኬሪ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ክረምቱን ሙሉ በካፖርት ነው የበላነው፣» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሚስተር ፖድሞር የጻፈውን አጥፍቶ እንደገና ረዘም አድርጎ ጻፈ። ልጆቹ እዚያ ክፍል እንዳይተኙ፣ ያየው በጽሑፍ በሦስት የሥራ ቀን እንደሚደርሳቸው፣ አደጋው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ካልተወገደም ድርጅቱ ሌላ ማረፊያ መስጠት እንዳለበት ነገራቸው። ኬሪ ጣቱን የሚጠርግበት ጨርቅ ሰጠችው። ቀጥላም በጨርቅ የጠቀለለችውን የአጃ ቂጣ አስያዘችው፤ እምቢ ቢል አልሰማችውም።

«ለሌላ ጊዜ፣» አለ በሩ ላይ፣ «እባክዎ ሳያጸዱ ይጠብቁን።»

«እሱንስ አልችልም፣» አለች ኬሪ።

ማታ ፍራሾቹን ሳሎን አነጠፉ። ኬሪ አንሶላውን እያነጠፈች ወደ ዴሚ ዞረች።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ድምፄን እንዴት አድርገሽ ነው ያስመሰልሽው? እስቲ።»

ዴሚ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ኬሪ ኮልክላፍ ነኝ። ስላስቸገርኳችሁ በጣም ይቅርታ።»

«እኔ እንዲህ ነው የማወራው?»

«ስልክ ላይ።»

ኬሪ ሳቋን ለመደበቅ ትራሱን ደጋግማ መታችው። ከዚያ ጄንሰንን ልትፈልገው ተነሳች፤ ዴሚም ተከተለቻት። የተዘጋው መኝታ ክፍል በር ሥር ተንበርክኮ አፉን ከቁልፉ ቀዳዳ አስጠግቷል።

«ደህና እደር፣ ጌራልድ።»

«ና ወዲህ አንተ። እሱ ቤቱን ሊለቅ ነው፣» አለች ኬሪ፣ ቁልፉን ከኪሷ እያወጣች። እጇ ቁልፉ ላይ ቆመ። «ወረቀቱ ባይመጣስ፣ ዴሚ? ቢረሱንስ? ውሃው እኮ ጣራውንም ሊያፈርሰው ይችላል።»

«ካልመጣ እደውላለሁ።»

«በማን ድምፅ?»

ዴሚ እጇን ዘርግታ እናቷ ጆሮ ላይ የደረቀችውን ነጭ ጠብታ በጥፍሯ ፈቀፈቀች።

«በራሴ።»

ኬሪ ቁልፉን አዞረች። በር በቆለፈች ቁጥር እጀታውን ሦስቴ ሳትሞክር የማትሄደው ኬሪ ዛሬ አንዴ ብቻ ሞከረችውና ወደ ሳሎን ተመለሰች።