ከፍርግርጉ ጀርባ የሰማሁት ሴካፋ

ያን ሰሞን የሴካፋን ዋንጫ የተከታተልኩት በጆሮዬ ነው።

አባቴ አቶ ጓንጉል ዲላ ላይ ዲኤስቲቪ ቤት አላቸው። ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ። የትኬት ክፍሏ ከአንድ ሰው በላይ አትይዝም፤ ከፊቷ የብረት ፍርግርግ፣ ከኋላዋ በር። ጨዋታ ሲጀመር አባባ በሩን ከውጭ ይቆልፉታል። «ግርግር ነው፣ ሴት ልጅ ነሽ» ይላሉ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ዲግሪም አለኝ። ስክሪኑ ያለው ከግድግዳው ወዲያ ስለሆነ እኔ የማየው የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ስታደርግ አንድ ረጅም ልጅ ትኬቱን ተቀብሎ እንደሄደ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ።

«ማን አገባ?» ብዬ ጠራሁት።

ዞር አለ። «አይታይሽም እንዴ?»

«ግድግዳ ነው የሚታየኝ።»

ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያ ስክሪኑም እኔም የምንታይበት መግቢያው ላይ ተደግፎ «በቃ፣ እኔ እነግርሻለሁ» አለ።

ገመቹ ይባላል፤ እኔን የትምዬ ይለኛል። የቡሌ ሆራ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ጨዋታውን ሲያስተላልፍልኝ የአንድ ተጫዋች ስም እንኳ አያውቅም። «ያ የተላጨው ለቀጭኑ ሰጠው፤ ቀጭኑ ወደቀ፤ ማንም አልነካውም እኮ፣ ዝም ብሎ ነው» ይለኛል። እኔ እስቃለሁ። ከምድባችን ስናልፍ ወድጄው ነበር።

አባባ ግን ቀድመው ለሌላ ሰው ቀጠሮ ሰጥተው ነበር። ታዲዮስ ይባላል፣ የፍስሐ ገነት ቡና ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ጊዜ ቤታችን መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ያወራው ከአባባ ጋር ብቻ ነው። የእሱ ሽማግሌዎች የመጨረሻውን መልስ የሚሰሙት እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር።

ገመቹም ሽማግሌ ላከ፤ የጪጩውን ጡረተኛ መምህር ጋሽ ፊሊጶስን ከሁለት ሰዎች ጋር። በአባባ ደንብ ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቃል። ያስቀመጡት እንደሆነ ሊሰሙት ፈቅደዋል፤ የሰሙትን ደግሞ ልጅቷን ሳይጠይቁ አይመልሱም። እነ ጋሽ ፊሊጶስ ግቢያችን ውስጥ ካፊያ እየመታቸው አንድ ሰዓት ቆሙ። አባባ ቁጭ በሉ ሳይሏቸው ሸኟቸው።

«ሃይማኖቱ ሌላ፣ አገሩ ሌላ» አሉኝ በኋላ። «አንድ ልጄን የት ሄጄ ልፈልጋት?»

ቅዳሜ ገመቹ ፍርግርጉን ይዞ «አብረን እንጥፋ» አለኝ።

ጣቶቹን ነካኋቸው፤ ፍርግርጉ ከዚያ በላይ አያሳልፍም። አባቴን ጥዬ መውጣት አልቻልኩም። እሱን ትቼ መቅረትም አልቻልኩም።

«አልችልም» አልኩት።

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ግማሽ ፍጻሜው ተጀመረ፤ ከኬንያ ጋር። አባባ በሩን ቆልፈው ገቡ። ከእረፍት በኋላ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች መስኮቴ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ሦስት ትኬት» አሉ ጋሽ ፊሊጶስ። «ኳሱ እስኪያልቅ አባትሽን እንጠብቃለን።»

ቆረጥኩላቸው። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ ጮኸ።

«ምን ሆነ?»

«ፍጹም ቅጣት ምት! ለኬንያ!» አለ ገመቹ። «ሊመቱ ነው… ቆይ፣ አባትሽ ተነሱ። ‹ሽማግሌ ቆሞ እኔ እቀመጣለሁ?› እያሉ ነው። አግዳሚያቸውን ለቀቁላቸው።»

«ለማን?»

«ለእነ ጋሽ ፊሊጶስ! ጨለማ ነው፣ ዓይናቸውም ስክሪኑ ላይ ነው፣ አላወቋቸውም። ጋሽ ፊሊጶስ ‹ግዴለም፣ እንቆማለን› ይላሉ። አባትሽ ትከሻቸውን ያዙ… አስቀመጧቸው! የትምዬ፣ ሦስቱንም አስቀመጧቸው!»

«ኳሱስ?»

«እ? ግብ ጠባቂው ይዞታል።»

ዘጠና ደቂቃው ያለ ግብ አልቆ ወደ መለያ ምት ሲኬድ የአዳራሹ መብራት በራ። አዳራሹ በአንዴ ጸጥ አለ።

«አቶ ጓንጉል፣» የጋሽ ፊሊጶስ ድምፅ ነበር፣ «ቆመን ነበር። በእጅዎ አስቀመጡን።»

«እኔ… እናንተ መሆናችሁን አላየሁም።»

«ይሄ ሁሉ ሰው አይቷል።»

አባባ ወደ መስኮቴ መጡ። እንደዚያ መግቢያ መውጫ ሲያጡ አይቻቸው አላውቅም፤ አሳዘኑኝ።

«ሰዎቹን አስቀምጫለሁ» አሉ። «አሁን ብመልሳቸው ነውር ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«አባባ፣ በሩን ይክፈቱልኝ።»

ከመስኮቱ ራቁ። ከዚያ የቁልፉ ድምፅ ከኋላዬ ተሰማኝ።

«ለታዲዮስ ሽማግሌዎች ምን ልበል?» አሉኝ፣ እጀታውን እንደያዙ።

«እኔው እነግራቸዋለሁ።»

አዳራሹ ገብቼ ገመቹ አጠገብ ቆምኩ። ስክሪኑ ካሰብኩት ያንሳል።

«ያ የተላጨው ሊመታ ነው» አለኝ በጆሮዬ።

«እያየሁ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ» አለ፤ ግን አላቆመም።

ያን ቀን በመለያ ምት ተሸነፍን። የሃይማኖቱም ነገር ገና አላለቀም፤ አባባና ጋሽ ፊሊጶስ በየሳምንቱ ይከራከሩበታል። የሚከራከሩት ግን ተቀምጠው ነው።