ለዳክሻ የደረሰው መጽሐፍ

«ውይ! ዳክሻ፣ ይሄን ከነካሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና!»

ሩቺታ አፍንጫዋን ይዛ ስትስቅ በዙሪያዋ የተቀመጡት ልጆችም ሳቁ። ዳክሻም አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የድንጋጤ ነበር። በእጇ የያዘችው መጽሐፍ ሽፋን ላይ አንዲት ሴት ቅርጫት በራሷ ተሸክማ በጠባብ የመንደር መንገድ ትሄዳለች።

የታሪክ መምህርቷ ፋልጉኒ ቤን መጻሕፍቱን ያመጡት ከቤታቸው ነው። «መማሪያችሁ በንጉሥና በጦርነት ተሞልቷል» አሉ። «እነዚህ ግን ልብስ ስላጠቡ፣ ልጅ ስላዋለዱ፣ ከተማ ስላጸዱ ሰዎች የተጻፉ እውነተኛ ታሪኮች ናቸው። ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ሁሉንም ብታነቧቸው እመክራለሁ፤ ለአርብ ግን እያንዳንዳችሁ በዕጣ የደረሳችሁን ለክፍሉ ትናገራላችሁ።»

ለዳክሻ የደረሰው፣ በሕንዷ አህመዳባድ ከተማ ውስጥ ሽንት ቤት በእጃቸው እየጠረጉ ሰገራውን በቅርጫት ያወጡ ስለነበሩ ሰዎች የሚተርክ ነበር። እነዚያ ሰዎች የእሷ ወገኖች ናቸው። ይህን ከክፍሉ ተማሪዎች አንድም የሚያውቅ አልነበረም። ሩቺታ ደግሞ የቅርብ ጓደኛዋ ብቻ ሳትሆን የአከራያቸው ልጅ ናት።

ቤቱን ሲከራዩ የሩቺታ አባት «ሶላንኪ? የትኞቹ ሶላንኪዎች?» ብለው ጠይቀው ነበር፤ ስሙ በላይኞቹም በታችኞቹም የዘር መደቦች ዘንድ አለና። የዳክሻ አባት መልስ ሳይሰጥ ፈገግ አለ። ሰውየው ፈገግታውን እንደፈለጉት ተረጎሙት። ከዚያ በፊት በነበሩበት ቤት ግን የማን ወገን እንደሆኑ የታወቀ ዕለት አከራይቷ እያስወጣቻቸው የረገጡትን ደረጃ ሁሉ በባልዲ ውሃ አጥባለች። የዳክሻ እናት ፍራሽ ተሸክማ ስትወርድ እርጥቡ ደረጃ አዳልጧት ወደቀች። ጎረቤቱ ቆሞ ያያል እንጂ የሚያነሳት አልነበረም።

ማታ አባቷ ሻዩን በስኒው ማስቀመጫ ላይ እየገለበጠ፣ እያቀዘቀዘ ሲጠጣ መጽሐፉን አሳየችው።

«መምህርሽ ናት የሰጠችሽ? ማንነታችንን አውቃ ነው?»

«ዕጣ ነው አባዬ።»

«ቀይሪው። ካልሆነም አመመኝ በይ። ብቻ አርብ ከአፍሽ ይሄ ነገር እንዳይወጣ!»

ሻዩ እጁ ላይ ፈሰሰ፤ እሱ ግን አላስተዋለውም። ዳክሻን ከንግግሩ ይልቅ ይህ አስፈራት።

መጽሐፉን ግን አነበበችው። እናቷ ልብስ በምታሰጣበት ጣሪያ ላይ ተቀምጣ፣ ሰው ሲወጣ ቀሚሷ ስር እየደበቀች፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ለሩቺታ ሰጠቻት።

«ሩቺ፣ እንቀያየር?»

«ነፍስ ነሽ! እኔ ላቅርበው፤ ክፍሉን በሳቅ ነው የምገድለው።»

አርብ ሩቺታ ከወጥ ቤት ያመጣችውን ቅርጫት በራሷ ላይ አድርጋ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ ወገቧን እያወዛወዘች ወጣች። ክፍሉ በሳቅ አበደ። «በዝናብ ወቅት ቅርጫቱ ያንጠባጥብ ነበር» ብላ አነበበችና «እንትፍ!» አለች። አንድ ልጅ ከኋላ «ሻወር በነጻ!» ብሎ ጮኸ።

«በቃ ሩቺታ፣ ተቀመጪ» አሉ ፋልጉኒ ቤን። ድምፃቸው ተቀይሯል። «ይህን መጽሐፍ በትክክል ያነበበ አለ?»

ዳክሻ ጠረጴዛውን ጨብጣ ያዘች። ዝም ብትል ማንም ምንም አይላትም።  የእናቷ ፍራሽ፣ እርጥቡ ደረጃ፣ የአባቷ እጅ ባንድ ላይ መጡባት። እጇን አወጣች።

«እኔ አንብቤዋለሁ፣ ቲቸር።»

ተነስታ ቆመች። «ሲያንጠባጥብ ፊታቸው ላይ ነው የሚወርደው» አለች። «እንዳያፈስ አመድ ያነጥፉበት ነበር፤ በዝናብ ግን አመዱም አያድንም። ቤት ሲገቡ ልጆቻቸው ሮጠው እንዳያቅፏቸው ከበር ይመልሷቸዋል። መጀመሪያ መታጠብ አለባቸው። ክረምት ላይ የዳል ክክ ወጥ መብላት የማይችሉም ነበሩ። ቢጫው... ያስታውሳቸዋል።»

አሁን የሚስቅ የለም።

«ይሄ ደግሞ የት ገጽ ላይ ነው?» አለች ሩቺታ መጽሐፉን እያገላበጠች። «እኔ አላየሁትም።»

ዳክሻ «መጨረሻው ላይ ነው» ብትል ያልፋል።

«መጽሐፉ ላይ የለም» አለች። «አያቴ ናት የነገረችኝ። እስክትሞት ድረስ ዳል አልቀመሰችም።»

ሩቺታ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወንበሯን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ጎን አራቀች። ፋልጉኒ ቤን ሩቺታ የተወችውን ቅርጫት ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። «አመሰግናለሁ፣ ዳክሻ» አሉ።

ደወሉ ሲደወል ሩቺታ እንደ ወትሮው አልጠበቀቻትም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩጫ ወደ ቤት ስትሄድ ዳክሻ በመስኮት አየቻት። ለአከራዩ ለአባቷ ልትናገር እንደምትሮጥ ዳክሻ ታውቃለች።  የሆነ ቦታ ገብታ መደበቅ፣ እስኪመሽ አለመውጣት አማራት።

ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትታ አባቷ ወደሚሠራበት ገበያ ታጠፈች። አባቷ መሰላል ላይ ወጥቶ የአንድ ሱቅ የመብራት ቆጣሪ ይፈታል። አያትና ካቻቢቴው ባለበት ቆመ።

«ምነው? ምን ሆነሻል?»

 መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘችለት።

«ውረድ አባዬ» አለች። «ከሌላ ሰው ሳትሰማ እኔ ልንገርህ።»