ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የነደደው እሳት

ገነነን ከባዮጋዙ ጉድጓድ በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ሰውነቱ ላይ አንዲት ጭረት አልነበረችም፤ ሰዉን ያስፈራውም ይኸው ነው። ወሩ ነሐሴ 2004 ዓ.ም.፣ ጾሙ ፍልሰታ፣ መንደሩ ከቡሬ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከቅዳሴ የተመለሱ ጎረቤቶች ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጉድጓዱን ክዳን ተከፍቶ፣ ሰውየውን ከሥር ሞቶ አገኙት። ድሮም ገነነ የረግረጉን አረም እየከተፈ የምድጃ ጋዝ እንዲሰጠው ከእበት ጋር ሲጨምርበት «የወንዙ ጋኔን ይቆጣል» ያሉ ነበሩ። አሁንማ እናት ሁሉ ልጇን እየጎተተች ሸሸች።

ከቡሬ የተጠራችው ኢንስፔክተር አደይ ግን ጋኔን አስራ አታውቅም። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ መሰላሉ ነው። መሰላሉ እስከ አራተኛው እርከን እበት ተለቅልቆ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተደግፎ ቆሟል። እንግዲህ ሙት መሰላል አያወጣ! ገነነ ወርዶበታል፤ ሌላ ሰው አውጥቶታል።

በዚያ ሰዓት ቤት የነበረችው ሚስቱ ንግሥቴ ብቻ ናት። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ አሞኛል ብላ ከቅዳሴ ቀርታለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተኝቼ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም ትላለች። የሟች ታናሽ ወንድም ይታገሱ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሩ ላይ ተቀምጧል። ደም ሊመልስ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። ወይ እሷን፣ ወይ አንድ ወንድሟን።

ጉድጓዱን የሠራው ግንበኛ ተስፋው ከቡሬ እያለቀሰ መጣ። ጋዙ ከወር ወዲህ መቀነሱን፣ የአረሙ ግንድ ሳይዘጋው እንዳልቀረ አስረዳ። ከረፋዱ አራት ሰዓት መጥቶ መሄዱን ጎረቤት አይቷል።

«ክዳኑ የሁለት ሰው ሸክም ነው፤ ያኔ አብረን አነሳነው» አለ። «ጋዙ አፍኖ ይገድላል፣ ሦስት ቀን ሳይናፈስ እንዳትገባ ብዬው ሄድኩ። ምን ላድርግ?»

የሟች እናት እማማ ካሰች ደግሞ ሙሾው መሀል አንድ ጥያቄ ደጋገሙ፦ የፍልሰታ ቅዳሴ አጓድሎ የማያውቅ ልጄ ምን አስቀረው? ሰዉ ሁሉ ወደ ንግሥቴ ዞረ። እሷ አንገቷን ደፋች።

አደይ ንግሥቴን ለብቻዋ ወጥ ቤት ይዛት ገባች። ከጋዙ ምድጃ ሥር ጥፍር የምታክል የዕንቁላል ቅርፊት አነሳች። ንግሥቴ እግሯ ላይ ወደቀች።

«ይግደሉኝ እንጂ ለነፍስ አባቴ አይንገሩብኝ!»

«እኔ አልናገርም» አለች አደይ። «አንቺ ካልተናገርሽ ግን ወንድምሽን ትቀብሪያለሽ።»

በማግስቱ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የነፍስ አባትየው ቄስ ክንፈሚካኤልም መጡ።

«አቶ ተስፋው፣ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ምድጃው ይነድዳል?»

«አይነድም» አለ ተስፋው፣ ገበሬ እንደሚያስተምር ሁሉ ረጋ ብሎ። «ጋዙ በክዳኑ ይወጣል እንጂ ወደ ምድጃው አይደርስም። ደግሞስ በፍልሰታ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ማን ምድጃ ይለኩሳል?»

አደይ ንግሥቴን አየቻት። ንግሥቴ ቀና አለች።

«ሰባት ሰዓት ላይ ነድዷል። እሳቱ ደከም ያለ ነበር፤ ሁለት ዕንቁላል ግን ቀቀለልኝ። በላሁ። ራሴን ስቼ ሁለቴ ወድቄ ነበር። ገነነ ነው ‹ብይ፣ ሰው እንዳይመጣብሽ እኔ ደጅ እቆማለሁ› ያለኝ። ከቅዳሴ የቀረው ለኔ ብሎ ነው።»

የተስፋው ፊት አመድ መሰለ።

አደይ ቀጠለች። ምድጃው ሰባት ሰዓት ላይ ከነደደ ክዳኑ ያኔ ዝግ ነበር፤ አራት ሰዓት ላይ ተነሳ የተባለው ውሸት ነው። ራሷን ስታ የምትወድቅ ነፍሰ ጡር ከባሏ ጋርም አታነሳው፣ ይታገሱ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቄሱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ቡሬ የሚመለስ የሚኒባስ ረዳት እንደነገራት፣ ተስፋውን ከመንደሩ መንገድ ዳር ያሳፈረው አሥር ሰዓት ላይ፣ ዝናብ አብስብሶት ነው። ማለዳ በባትሪ ስታይ ደግሞ የጉድጓዱ ጣሪያ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። አረሙ ምንም አላደረገም፤ ጋዙን ያስመለጠው ተስፋው ሲሚንቶ የሰረቀበት ግንብ ነው። ገነነ ይህን ለወረዳው ቢናገር ተስፋው በየመንደሩ የሠራቸው ጉድጓዶች ሁሉ ሊፈተሹ ነው።

«ከሰባት ሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ክዳኑን አብራችሁ አነሳችሁ። ከዚያ ‹ውረድና እየው› አሉት። እርስዎ ግባ ካሉት ማን ይጠራጠራል?»

«እንዲያይ ብዬ እንጂ...» አለ ተስፋው። «ሲወድቅ ደነገጥኩ።»

«መሰላሉንስ ለምን አወጡት?»

ከአደይ ጋር የመጣው ፖሊስ የተስፋውን እጅ ሲያስር ይታገሱ ጠመንጃውን ቄሱ እግር ሥር አኖረ፤ ንግሥቴን ግን ቀና ብሎ ማየት አፈረ።

እሷ ቄሱ ፊት ተንበርክካ ታለቅሳለች። ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ እማማ ካሰች ተነሡ።

«ይቆዩ አባቴ። ገነነን ሳረግዝ እኔም በፍልሰታ ወተት ጠጥቻለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።»

ይህን ብለው ከምራታቸው አጠገብ ተንበረከኩ።